ዴስክቶፕ መጋዘን አይደለም!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ደሞዝም ስለ ፖለቲካም አላወራም። የማወራው ኮምፒውተር ስንከፍት ፊታችን ድቅን ስለሚሉት ትንንሽ ስዕሎች ነው። አዎ፣ ስለ አይከን! "መምህሩ ሥራ ፈታ እንዴ?" የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዛ ስደቡኝ።

እኔ የአይሲቲ መምህር አይደለሁም፤ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ግን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ያለችውን አንዲት ኮምፒውተር ሁላችንም ስንጋራ ዓመታት ስላለፉ ብዙ ነገር አይቻለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ዴስክቶፕ የታፔላ መስቀያ እንጂ የዕቃ ማስቀመጫ አይደለም። ይሄ ልዩነት ያልገባው ሰው ወርድም ይማር ኤክሴል፣ አንድ ቀን የደከመበትን ሥራ ያጣል። ስለዚህ ለተማሪም ለመምህርም ኮምፒውተር ሲሰጥ ከታይፒንግ በፊት ይሄ ይቅደም ባይ ነኝ።

ነገሩን ላብራራ። ዴስክቶፕ ላይ ከምናያቸው ስዕሎች ግማሾቹ ራሱ ፋይሉ ወይም ፎልደሩ ናቸው፤ ግማሾቹ ግን ሾርትከት ናቸው። መለያቸው ቀላል ነው፤ ሾርትከት ከሆነ ከስዕሉ ግርጌ በግራ በኩል ትንሽ ቀስት አለችው። ማይክሮሶፍት ይህንን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1995 በዊንዶውስ 95 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ቀስቷን አናያትም። ሾርትከት ውስጥ ፈተናው የለም፣ ማርክ ሊስቱም የለም። ያለው አድራሻ ነው፤ "የምትፈልገው ዕቃ እዚህ ቦታ ነው" የሚል። ለዚህም ነው መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ የሚሆነው።

መንገድ ዳር "ፋርማሲ፣ ወደ ውስጥ 100 ሜትር" የሚል ታፔላ አለ እንበል። ታፔላውን ነቅለህ ቤትህ ብትወስደው መድኃኒት አገኘህ ማለት ነው? አይደለም። ታፔላው ቢሰበርስ ፋርማሲው ተዘጋ ማለት ነው? አይደለም። ፋርማሲው ሌላ ሰፈር ከሄደ ግን ታፔላው ቢያምርም ባይያምርም ባዶ ግቢ ነው የሚወስድህ። የሾርትከት ጠቅላላ ትምህርቱ ይቺው ናት።

ይሄን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ባልደረባችን የማጠቃለያ ፈተናውን በዚሁ የጋራ ኮምፒውተር ለቀናት ሲተይብ ሰነበተ። በዋዜማው ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን አይከን ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ ፔስት አደረጋትና ሄደ። ጠዋት ከተማ ፕሪንት ቤት ሄዶ ፍላሹን ሲያስከፍት ፋይሉ አይከፈትም። ታፔላውን ነቅሎ ሄዷላ! ዋናውን ሊያመጣ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ መብራት የለም። ተማሪዎቹ ወረቀት ይዘው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ከማስታወሻው ያገኘውን ያህል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ከኋላ የተቀመጡት አንገታቸውን እያሰገጉ ተፈተኑ። ጥፋቱን የእሱ ነው ማለት ይከብደኛል። ሰውየው ጎበዝ መምህር ነው፤ ያቺን ቀስት ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው መዘዝ ፎርማት ነው። ኮምፒውተር ትንሽ ሲንቀራፈፍ ጥገና ቤት ይሄዳል፣ ጥገና ቤት ደግሞ መጀመሪያ የሚለው "ፎርማት ይደረግ" ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ነገር አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስለናል እንጂ፣ ካልቀየርነው በቀር የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ በተጠቃሚው ስም በተከፈተ ፎልደር ነው። ሲ ተጠረገ ማለት ዴስክቶፑም አብሮ ተጠረገ ማለት ነው። የሦስት ክፍል ማርክ ሊስት፣ የዓመት ዕቅድ፣ የተማሪ ፎቶ፣ ሁሉም አበቃ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዕቃውን ዲ ድራይቭ ላይ አስቀምጡ፣ ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከቱን ብቻ ስቀሉ። ዲም ያው ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ስለሚሞት፣ አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ ወይም ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ይኑራችሁ።

ሦስተኛው ሁላችንም የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሽ ስትሰኩ ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ቀስት አብቅለው ታገኟቸዋላችሁ። ብዙ ሰው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። አታድርጉ! ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በቦታው የሐሰት ታፔላ ይተክላል። ታፔላውን ስትጫኑ ነው ቫይረሱ ራሱ የሚነሳው። ስለዚህ ሳትነኩ በአንቲቫይረስ አስጠርጉ፣ ከዛ የተደበቀውን በአትሪብ ትዕዛዝ ማውጣት ለሚችል ሰው ስጡ። ቀስቷን የሚያውቅ ሰው ግን ገና ሲያያት "ይሄ ፎልደር ትናንት ቀስት አልነበረውም" ብሎ እጁን ይሰበስባል።

አሁን ብዙዎች ወደሚስቁበት ልምጣ፤ አይከን መቀየር። "ስዕል መቀየር የልጆች ጨዋታ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው አንድ መምህራችን አሉ። ማርክ ማስገባት በመጣ ቁጥር ከእኛ ታናናሾቻቸው አንዱን "እስቲ ልጄ ክፈትልኝ" ይላሉ። በቾክ ስንት ትውልድ ያስተማሩ ሰው ለአንድ ፋይል ደጅ ሲጠኑ ማየት ያሳፍራል። የአይሲቲ መምህራችን ታዲያ ምን አደረገ? ለፎልደራቸው ሾርትከት ሠራ፣ ስሙን በአማርኛ "የጋሼ ማርክ" አለው፣ አይከኑን ከሁሉም በሚለይ ስዕል ቀየረው። በቃ! ከዛን ቀን ወዲህ ማንንም አልጠየቁም። ይሄ ጨዋታ ነው? ለእኔ የሰው ክብር ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሴንድ ቱ፣ ከዛ ዴስክቶፕ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ መጀመሪያ ሾው ሞር ኦፕሽንስ የሚለውን ትጫናላችሁ። ቀጥሎ ሾርትከቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቼንጅ አይከን። ዊንዶውስ ራሱ በርካታ ስዕሎች ይዞ ስለሚመጣ ዳውንሎድ ማድረግም ግድ አይደለም። ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍም ይቻላል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የእኛን ፊደል የሚያሳይ ፎንት አብሮ ይመጣል። "ኒው ፎልደር 7" እያልን የምንደናበረው ስለለመድነው ነው እንጂ ማንም አስገድዶን አይደለም።

የራሳችሁን ስዕል ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ለአይከን የሚፈልገው አይኮ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ነው። የፎቶን ስም ቀይሮ አይኮ ማለት አያስኬድም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም መለወጥ አለበት። ሁለተኛ፣ የት እንደምታስቀምጡት አስቡ። ሾርትከቱ ስዕሉን ውስጡ አይዝም፤ የስዕሉንም አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ስዕሉ ፍላሽ ላይ ወይም ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ከነበረ፣ ፍላሹ ሲነቀል ወይም ዳውንሎዱ ሲጸዳ ያ ያማረ አይከን ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዲ ላይ "አይከኖች" የሚል አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ስዕሎቹን እዛ ሰብስቡ፣ ከዛ በኋላ አታንቀሳቅሷቸው።

ይሄን ሁሉ የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ልጆቻችን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ዕጣ ፈንታቸውን የሚወስኑበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የአይሲቲ መጽሐፍ ላይ የሲፒዩን ትርጉም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ግን ፋይሉን ሴቭ አድርጎ የት እንዳስቀመጠው ሲጠየቅ "ዴስክቶፕ ላይ ነበር እኮ" ይላል። ኮምፒውተር አነሰን እንላለን፣ እውነት ነው። ያለችውን አንዲት ኮምፒውተር በሥርዓት ለመያዝ ግን በጀት አያስፈልግም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በየትምህርት ቤቱ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ለየዲፓርትመንቱ አንድ ፎልደር ዲ ላይ ይከፈት። ዴስክቶፕ ላይ የየፎልደሩ ሾርትከት፣ በአማርኛ ስም፣ በሚለይ አይከን ይሰቀል። ከዛ ውጭ ያለው ይነሳ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የክፍለ ጊዜ ክፍተት ያላችሁ የአይሲቲ መምህራን፣ አደራውን ለእናንተ ነው የምሰጠው፤ ሻዩ በእኔ ነው።

እናንተ ጋር የጋራው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ምን ይመስላል? ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት፤ የተማሪ ስም እንዳይታይ ብቻ ተጠንቀቁ። ማርክ ሊስቱን ዴስክቶፕ ላይ ከምሮ የተኛ መምህር የምታውቁ ደግሞ ሴሚስተሩ ሳይዘጋ ሼር አድርጉለት።