የሩቅ አገር መጽሐፍ ለቅርብ አገር

ተማሪዎች ሆይ፣ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በባሕር ማዶ የታተሙ የታሪክ፣ የምጣኔ ሀብት፣ የሕግና የተፈጥሮ ሳይንስ መጻሕፍት ተደርድረው ልታገኙ ትችላላችሁ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከካናዳ የመጡ ይሆናሉ። ስለ እንደዚህ ያሉ መጻሕፍት ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «ስለ በረዶና ስለ ስንዴ ሜዳ የተጻፈ መጽሐፍ በኡካ ወይም በመቱ በቡና ጥላ ሥር ላደገ ልጅ ምን ይረባዋል?» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዕውቀት ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ይመስለውና በአገሩ ያለውን ንቆ የሩቁን ብቻ ያደንቃል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የሩቅ አገር መጽሐፍ ትልቁ ጥቅሙ ስለ ሩቁ አገር በሚነግረን ወሬ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ የገዛ አገራችንን እንዴት መመርመር እንደምንችል በሚያስተምረን ዘዴም ጭምር ነው። ይህን አሳብ በምሳሌ ላስረዳ።

በቅድሚያ ካናዳ ለኢትዮጵያ ትምህርት ፈጽሞ ባዕድ እንዳልሆነች ማስታወስ ይገባል። ዶክተር ሉሲየን ማት የተባሉት የኩቤክ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1945 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተጋብዘው በመምጣት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን መርተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲቋቋምም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሳቸው ነበሩ። እንዲሁም በ1959 በካናዳ የተመሠረተ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት መጻሕፍት እየሰበሰበ ወደ ታዳጊ አገሮች ይልክ ነበር። ይኸው ድርጅት ኋላ ኮድ ተብሎ ተሰየመ። በጊዜ ብዛት ግን መጻሕፍትን መላክ ብቻውን እንደማይበቃ ስለታወቀ፣ በየአገሩ ቋንቋ በየአገሩ ሰው የሚጻፉ መጻሕፍት እንዲታተሙ ወደ መርዳት አዘነበለ። ይህ ለውጥ ራሱ ትምህርት አለው። መጽሐፍ ሰጪው እንኳ የደረሰበት ፍርድ፣ ተቀባዩ ጸሐፊ ካልሆነ መደርደሪያው ይሞላ እንጂ አእምሮው አይጠግብም የሚል ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌ እንለፍ። ሃሮልድ ኢኒስ በ1894 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ቆሰለ፤ በኋላም በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት መምህር ሆነ። በዚያን ጊዜ የካናዳ ተማሪዎች የሚማሩት የምጣኔ ሀብት ትምህርት በአመዛኙ ለሌላ አገር ኑሮ የተዘጋጀ ነበር። ኢኒስ ግን የገዛ አገሩ ኑሮ በምን ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ ፈለገ። ስለዚህም በ1924 የማኬንዚን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን ወረደ፤ የጠጉር ነጋዴዎችን ጣቢያዎች በዓይኑ አየ፤ ሰዎችን ጠየቀ፤ የቆዩ መዝገቦችንም አገላበጠ። በ1930 ስለ ካናዳ የጠጉር ንግድ የጻፈው መጽሐፍ የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

መጽሐፉ የሚነሣው ቢቨር ከምትባል በውሃ ውስጥና በውሃ ዳር ከምትኖር እንስሳ ነው። ጠጉሯ በአውሮፓ ለባርኔጣ መሥሪያ እጅግ ይፈለግ ስለ ነበር ነጋዴዎች ይሹት ነበር። በአንድ ስፍራ ያለችው ሲያልቅ ነጋዴው ወንዝ ለወንዝ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ይዘልቃል። መንገዱን የሚያውቁት፣ ታንኳውን የሠሩት፣ እንስሳዋንም የሚያጠምዱት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። እንግዲህ ኢኒስ ከዚህ ተነሥቶ የካናዳ ግዛት ቅርጽ የወንዞቹንና የጠጉር ንግዱን መሥመር የተከተለ መሆኑን አሳየ። አንድ አገር ወደ ውጭ የሚልከው አንድ ዋና ሸቀጥ መንገዱን፣ ከተማውን፣ የሰዎችን ግንኙነት፣ አልፎም የመንግሥትን አሠራር ሊቀርጽ እንደሚችል አስተማረ።

ይህን አሳብ ይዛችሁ ዓይናችሁን ወደ ኢሉባቦር መልሱ። የጠጉሩን ስፍራ ለቡና፣ የማኬንዚን ስፍራ ለባሮ ስጡ። በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በጋምቤላ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ከደጋው የወረደው ቡና በአጋሰስና በሰው ትከሻ ተጭኖ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይሄድ ነበር። ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ይህን ጭነት ይዘው እስከ ካርቱም ይወርዱ ነበር። ጎሬ የአስተዳደርና የንግድ ከተማ ሆና ደመቀች፤ የውጭ አገር ነጋዴዎችም ገቡባት። በ1956 ሱዳን ነፃ በወጣች ጊዜ የጋምቤላው ውል አበቃ። በሌላ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ መንገድ የንግዱን አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ሳበው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጥያቄ ይወለዳል። የትኛው ከተማ ከዚህ ለውጥ አተረፈ? የትኛውስ ተዳከመ? ቡና ለቃሚው፣ ጫኙና ነጋዴው ከዋጋው ምን ምን ድርሻ ነበራቸው? ጫካው ራሱስ ምን ሆነ? የያዮ የቡና ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም አቀፍ የሕይወት ክልሎች መዝገብ ላይ መስፈሩ፣ ዓለም በደጃችሁ ላለው ነገር የሚሰጠውን ዋጋ ያሳያል።

ስለ ኢሉባቦር የተጻፉ ጥናቶች የሉም አልልም፤ አሉ። ነገር ግን ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ አንብባችኋቸዋል? «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደ ተባለው፣ በየቀኑ የምናየው ነገር ለመጽሐፍ የሚበቃ አይመስለንም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የድሮውን የጋምቤላ መንገድ ሁኔታ የሚተርኩ አረጋውያን በየዓመቱ ይቀንሳሉ። እነርሱ ሲያልፉ ያልተጻፈው ነገር አብሮ ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪም ምንም ያህል ቢማር ሊያስነሣው አይችልም።

ምናልባት፣ «ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ እኛ ከትንሽ ከተማ የተገኘን ተማሪዎች ነን» ትሉ ይሆናል። ይህ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኢኒስም የገበሬ ልጅ ነበር። ከእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ አናሲሞስ ነሲብ ነው። በ1850ዎቹ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። የባዕድ አገር ትምህርት ተማረ፤ የተማረውን ግን ለወገኑ ቋንቋ አዋለው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ትርጉሙም በ1899 ታተመ። አስቴር ጋኖም የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ሰብስባ በጽሑፍ አስቀረች። ባርነት ያላገዳቸውን ሥራ የትንሽ ከተማ ልጅ መሆን እንዴት ያግደዋል?

እንዲያውም የሩቅ አገር ሰዎች የእኛን ጽሑፍ ዋጋ ተረድተው ይመረምሩታል። ኢኒስ ያስተማረበት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 የግእዝን ቋንቋ ማስተማር ጀምሯል። እነርሱ የእኛን ሲያነቡ እኛም የእነርሱን ማንበባችን ተገቢ ነው። የማይገባው የእነርሱንም ሳያነቡ የራስንም ሳይጽፉ መቅረት ነው።

እንግዲህ ከእንግዲህ ወዲያ በውጭ አገር የተጻፈ የዕውቀት መጽሐፍ በእጃችሁ ሲገባ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ጸሐፊው የጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ መልሱን ያገኘው ማንን ጠይቆ፣ ምን አይቶ፣ ምን መዝግቦ ነው? ሦስተኛ፣ ያንኑ ጥያቄ ለእኔ ከተማ ባቀርበው ምን መልስ አገኛለሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ቢያነብም ግማሹን ብቻ እንዳነበበ ይቆጠራል። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ለመጀመር ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የሰፈራችሁን አንድ አረጋዊ ስለ ድሮው ገበያ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ከነዘመኑና ከነቦታው ጻፉ፤ ከሌላ ሰው ቃልም ጋር አስተያዩ። የኢሉባቦር የቡና ታሪክ ከእንደዚህ ያለ ደብተር ሊጀመር ይችላል።