መንገዱ ተሠራ፤ ውኃውስ?

ለትምህርት ወይም ለስብሰባ ባሕር ማዶ የተላከ ወጣት የዕረፍት ቀን ባገኘ ጊዜ በሆቴሉ ተቀምጦ አይውልም፤ ስንቁን አዝሎ፣ ከመንደር የራቀ ፏፏቴ ለማየት ተራራ ይወጣል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ከፎቶግራፉ ጋራ አንድ ጥያቄ ይዞ ቢመለስ ይበልጥ በጠቀመን ነበር፤ ይኸውም «ያ ውኃ እስካሁን መውረዱን ያልተወው ስለ ምንድር ነው?» የሚለው ነው።

ናያግራን ለማየት ተራራ መውጣት አያሻም፤ ትምህርቱ ግን ለማናቸውም ፏፏቴ ይሆናል። ካናዳና አሜሪካ ሁለቱም ውኃውን ለኤሌክትሪክ ይፈልጉታል። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1950) በተፈራረሙት ውል፣ በጎብኚ ወራት ቀን ቀን በየሰኮንዱ 2,800 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ በገደሉ ላይ እንዲወርድ፣ ሌሊትና በብርድ ወራት ግን ግማሹ እንዲበቃ ወሰኑ። እንግዲህ ጎብኚው የተፈጥሮ ተአምር ብሎ የሚያደንቀው ነገር፣ ከፊሉ የሕግ ጸሐፊ ብዕር ነው።

በእኛም አገር የጢስ ዓባይ ነገር አለ። በ1950ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» እያሉ የውጭ አገሩን ጎብኚ ሲጋብዙ፣ በዚያው ዘመን፣ በ1956 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ተከተለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የበለስ ማመንጫ ውኃውን ከጣና በዋሻ መውሰድ ያዘ። ብርሃንን የሚጠላ የለም። ቢሆንም ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ብር ኖት ላይ የታተመውን ፏፏቴ አስቦ በበጋ የሚመጣ እንግዳ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከጥቁር ዓለት ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውኃ ነው።

የጢስ ዓባይ ሩቅ ነው ለሚል አንባቢ እንጦጦ ቅርብ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ሰንሰለት ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሰሜኑ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ፣ የደቡቡ በየካና በቀበና በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። በነሐሴ ጅረቶቹ ከዓለት ላይ እየተወረወሩ ያጓራሉ፤ በጥር ግን ብዙዎቹ ድንጋያቸው ብቻ ይቀራል። እዚህ ተርባይን የለም። ባሕር ዛፉ ግን የጥፋቱ ተካፋይ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ ይሮጣል። (ያለ ባሕር ዛፍ ግን መናገሻው በማገዶ ዕጦት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበረ አንርሳ።)

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር የማስዋብ ሥራ ታቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። የእግር መንገዱ አማረ። አሁን የሚያስፈልገው በየጅረቱ ራስ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል፣ የበጋውንም ውኃ ልክ እየለኩ በመዝገብ ማስፈር ነው። ዕቅድ የምትጽፉ ወጣቶች፣ ለንጣፍ ድንጋዩ የሰጣችሁትን ያህል ገጽ ለውኃው ስጡት።

አንድ ነገር ይቀራል። በየካ ኮረብቶች ላይ የምንዝናናበትን ቀጭን መንገድ ብዙውን የቀደዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ባሕር ዛፉ ሲነሣ እንጀራቸውም አብሮ ይነሣል። እንግዲያውስ ደመወዝ ተቆርጦላቸው የችግኙ ጠባቂዎች እነርሱ ይሁኑ፤ ምንጩ የትኛው ጉድባ ውስጥ እንዳለ ከማናችንም ይልቅ ያውቁታል።