ቅንፉ ፊት ያለችው ጭረት

የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እናትና አባቷ ከሥራ የሚገቡት መሽቶ ስለሆነ የሒሳብ የቤት ሥራ የእኔ ድርሻ ነው። ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ "አባባ፣ አንተ ያልከኝን ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ" አለችኝ።

የሚማሩት ፖሊኖሚያልን ወደ ብዜት መለወጥ ነው። እነሱ "ፋክተራይዝ ማድረግ" ይሉታል። ለረሳነው ሰዎች ላስታውስ፤ ቅንፍ አባዝቶ መፍታት አለ አይደል? ይኼ የተፈታውን መልሶ ቅንፍ ውስጥ መሰብሰብ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የጋራ አካፋይ ማውጣት ሲሆን፣ ስሙን ባያውቀውም ገበያ የዋለ ሁሉ ይሠራበታል። ኪሎውን በ35 ብር ሒሳብ ጠዋት 7 ኪሎ፣ ከሰዓት 3 ኪሎ ሽንኩርት የሸጠች ሴት ለየብቻ አባዝታ አትደምርም። "10 ኪሎ፣ 350 ብር" ብላ ትጨርሳለች። 35 ወደ ውጭ ወጣ፤ 7 እና 3 ቅንፍ ውስጥ ተደመሩ ማለት ነው።

አራት ተርሞች ሲመጡ ግን ለአራቱም የሚሆን የጋራ አካፋይ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ሁለት ሁለቱን ማቧደን ነው። ይህንን ለልጅቷ ያስረዳኋት መሬት ሥዬ ነው። ወርዱን 3 እና 4 ሜትር፣ ርዝመቱን 5 እና 7 ሜትር አድርጌ አንዱን ቦታ አራት ላይ ቆራረስኩት። ቁራሾቹ 15፣ 21፣ 20 እና 28 ካሬ ሜትር ሆኑ። ለአራቱም የሚሆን አካፋይ ከ1 በቀር የለም። 15 እና 21ን ግን 3 ያገናኛቸዋል፦ 3(5 + 7)። 20 እና 28ን ደግሞ 4፦ 4(5 + 7)። አሁን ቅንፉ ራሱ የጋራ ሆነ። እሱን ስናወጣው (3 + 4)(5 + 7)፣ ማለትም 7 በ12፣ 84 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቁራሾቹንም ብትደምሯቸው 84 ነው። በፊደልም ቢሆን ያው ነው፦ ሀመ + ሀሠ + ለመ + ለሠ የሚለው (ሀ + ለ)(መ + ሠ) ይሆናል። ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ከመጡ አስቀድሞ ቦታ ማቀያየር ያስፈልጋል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ አያት ነበርኩ።

የቤት ሥራው ጥያቄ ይህ ነበር፤ በፈረንጅ ፊደል ፋንታ በእኛው ልጻፈው፦ ሀ³ − 3ሀ² − 2ሀ + 6። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሀ²ን አወጣሁና ሀ²(ሀ − 3) ጻፍኩ። ከኋለኞቹ 2ን አወጣሁና − 2(ሀ + 3) ጻፍኩ። ቅንፎቹ አልተመሳሰሉም። "ይህ በማቧደን አይሠራም ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ክፍል መሥራቴን ነገርኳት። እሷም ዝም ብላ ጻፈች። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ስህተቱ ሳይሆን ያ ዝም ማለቷ ነው።

ስህተቱ ያለው ቅንፉ ፊት ባለችው ጭረት ላይ ነው። የወጣው 2 ሳይሆን −2 ነው፤ ስለዚህ +6ን ለማግኘት −2 የሚባዛው በ−3 ነው። እኔ +6ን አይቼ +3 ጻፍኩ። ልጆችም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ስለሆነ በሱቅ ምሳሌ አስረዷቸው፦ 100 ብር ይዛችሁ የ30 ብር ዕቃ ገዛችሁ እንበል። ባለሱቁ 5 ብር ቀነሰላችሁ። የሚመለስላችሁ 100 − (30 − 5) ነው። ቅንፉ ሲፈታ 100 − 30 + 5፣ 75 ብር ይሆናል። የተቀነሰላችሁ 5 ብር ወደ ኪሳችሁ ስለተመለሰ ምልክቱ ተገለበጠ።

ስለዚህ ትክክለኛው ሀ²(ሀ − 3) − 2(ሀ − 3) ሲሆን መልሱ (ሀ − 3)(ሀ² − 2) ነው።

ማታ አስቀመጥኳትና "ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ" አልኳት። ቀጥሎም ያን ዕለት ላሳያት ይገባኝ የነበረውን አሳየኋት። መልሱን እንደገና አባዝቶ ከጥያቄው ጋር ማስተያየት ወይም በፊደሉ ቦታ አንድ ቁጥር ማስገባት ነው። ሀ 4 ቢሆን ጥያቄው 64 − 48 − 8 + 6፣ 14 ይሆናል። የእኔ አሠራር ደግሞ 16 × 1 − 2 × 7፣ 2 ይሰጣል። 14 እና 2 ፊት ለፊት ሲቀመጡ የእኔ የሥራ ልምድ ምን ያደርጋል? ትክክለኛው መልስ 1 × 14 ነው፣ ገጠመ። በእርግጥ በአንድ ቁጥር መግጠሙ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል። አለመግጠሙ ግን ስህተት እንዳለ ወዲያው ይናገራል። ሙሉ ማረጋገጫ የሚሆነው ማባዛቱ ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ 6ሀ³ + 9ሀ² − 4ሀ − 6 የሚል ነበራት። መነጽሬን ፍለጋ ተነስቼ ስመለስ (2ሀ + 3)(3ሀ² − 2) ብላ ጽፋለች። "እስቲ ልየው" ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ "ቆይ አባባ፣ መጀመሪያ በ1 ልሞክረው" አለችኝ። ጥያቄው 5 ሆነ። መልሱም 5 በ1፣ 5 ሆነ። ከዚያ ቅንፎቹን አባዝታ ጨረሰችና ደብተሩን ሳታሳየኝ ዘጋችው።