የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የት ይፈተኑ? በአሜሪካ እልባት ያላገኘው ጥያቄ

በአሜሪካ በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩ የኢንተርኔት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ከቤታቸው ሳይወጡ ይማራሉ። የየክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ ፈተና ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአካል ቀርበው እንዲፈተኑ ይጠየቃሉ። ለመፈተኛነት የሆቴል አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይዘጋጃል። ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ወላጆች ሥራቸውን አቋርጠው ልጆቻቸውን ያመላልሳሉ፤ ፈተናው በአንድ ቀን ስለማይጠናቀቅም ምልልሱ ይደጋገማል። "ከቤት የተማረ ለምን ከቤት አይፈተንም?" የሚለው ጥያቄ የመነጨው ከዚህ ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የትምህርት ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ ያዛል። ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆኑት መፈተን ይኖርባቸዋል። ቁጥሩ ከዚህ ካነሰ፣ እስከ 95 በመቶው ድረስ የጎደሉት በውጤት ስሌቱ እንዳላለፉ ይቆጠራሉ። በመሆኑም ተማሪዎቹን ወደ ጣቢያ ማምጣት የተሳነው ትምህርት ቤት በሚገባ አስተምሮም ቢሆን ደካማ ተብሎ ሊመደብ ይችላል። በሌላ በኩል፣ የታመነ ውጤት በሌለበት የሕዝቡ ገንዘብ ምን እንዳስገኘ ለማወቅ ባለሥልጣናቱ ሌላ አስተማማኝ መለኪያ የላቸውም።

የኮሮና ወረርሽኝ ሙከራውን አፋጥኖታል። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው እንዲካሄድ ሲወስን፣ በሚቻልበት ሥፍራ ከርቀት እንዲሰጥ ፈቅዶ እንደነበር ይታወሳል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ.፣ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የኤፒ ፈተናዎቹን አሳጥሮ፣ መጽሐፍና ማስታወሻ ማየትን ፈቅዶ ለተማሪዎች በየቤታቸው ሰጥቷል። መልሳቸውን መላክ ያልቻሉ ተማሪዎች ግን አቤቱታ አሰምተዋል፤ ጉዳዩም እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ክፍለ ግዛቶች የሚሰጡት ፈተና መጽሐፍ አስፈቅዶ የሚሰጥ አይደለም። አንድ ጥያቄ በስልክ ፎቶግራፍ ከተነሣ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህም ተፈታኙን በካሜራ መከታተል የግድ ይላል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከፈተና በፊት የአንድ ተማሪን መኝታ ክፍል በካሜራ ማስቃኘቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ፍተሻ ነው ሲል ፈርዷል። መንግሥታዊ ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ፍርድ ችላ ሊለው አይገባም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ካሜራው አይመስልም። የስምንት ዓመት ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ብቻውን አይቀመጥም፤ እናቱ ወይም አባቱ አጠገቡ ናቸው። መልሱን ባይነግሩት እንኳ ፊታቸውን አይቶ ሊረዳ ይችላል። ይህን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር መኖሩ ያጠራጥራል። በዚህ መንገድ የተገኘ ውጤትም በጣቢያ ከተፈተነ ልጅ ውጤት ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይችልም።

በአገራችንም የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች መዛወሩ ይታወቃል። በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መስጠት ሲጀመርም በተመደበ ጣቢያ፣ በፈታኝ ፊት ነበር። ወረቀቱ ተቀየረ እንጂ ፈታኙ አልቀረም።

በአሜሪካ ለጊዜው የተሻለ ሆኖ የሚታየው ጣቢያውን ወደ ተማሪው ማቅረብ ነው። የፍሎሪዳ ሕግ የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ለኢንተርኔት ተማሪዎች የመፈተኛ ሥፍራውን እንዲከፍት ያዛል። ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ከጎረቤቶቹ ልጆች ጋር ተቀምጦ ይፈተናል፤ ወላጁም ወደ ሩቅ ከተማ ከመጓዝ ይድናል።