«ዊንዶውስ.ኦልድ»ን ከማጥፋታችሁ በፊት ገብታችሁ እዩት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 መጨረሻ ላይ አንድ ዝናባማ ምሽት ስልኬ ጮኸ። እዚህ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ለእድራቸው ከ20 ዓመት በላይ ጸሐፊ ሆነው ቆይተዋል። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ ሆነብኝ» አሉኝ። የቋንቋ ሴቲንጉ የተቀየረ መስሎኝ «ጋሼ፣ ምን ነክተው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ ምንም አልነካሁም። የእህቴ ልጅ መጥቶ አዲሱን ዊንዶውስ ጫነልኝ። አሁን መዝገቡን ስከፍተው የከፈለውም፣ ያልከፈለውም፣ የሞተውም ሁሉ ጉራማይሌ ሆኖ ቁጭ አለ።»

በልጁ አልፈርድም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በዚያ ሰሞን «ኮምፒውተር ያውቃል» የተባለ ወጣት ሁሉ ከቤት ቤት እየዞረ ዊንዶውስ 11 ሲጭን ነበር፤ እኔም ዞሬያለሁ። የጋሼ ላፕቶፕ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ብቻ ነው ያለው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ልጁ ሲጭን «የግል ፋይሎችን ብቻ አስቀር» የሚለውን መረጠ። ሰነዶቹ በቦታቸው ቀሩ። ፕሮግራሞቹና ፎንቶቹ ግን ከአሮጌው ሲስተም ጋር አብረው ተጠቅልለው ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ዲስኩ ሞላና ቀይ አሳየ። ልጁ በስልክ «ያንን አሮጌውን ፎልደር ያጥፉት፣ አያስፈልግም» አላቸው። ጋሼም ሞክረው ነበር። ሲስተሙ ግን ፈቃድ የለዎትም ብሎ እምቢ አላቸው። እኔ ዘንድ ሲደውሉ ከተጫነ 8ኛው ቀን ነበር።

8ኛ ቀን የሚለውን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ግን እነዚህ ትርፍራፊዎች ምን እንደሆኑ እንነጋገር። ትልቅ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሲጫን አሮጌው ሲስተም ወዲያው አይጠፋም፤ ወደ ዊንዶውስ.ኦልድ ይዛወራል። አዲሱ ካልተስማማችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ሪከቨሪ ገብታችሁ ወደ ኋላ መመለስ የምትችሉት ይህ ፎልደር ስላለ ነው። መጠኑ ከ20 ጊጋባይት በላይ ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። ከተጫነ 10 ቀን ሲሞላው ዊንዶውስ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ያጠፋዋል። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ ጊዜው አንድ ወር ነበር፤ በ2016 በወጣው ትልቅ ማሻሻያ ወደ 10 ቀን ወረደ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ቅሬታ። ማሻሻያውን ራሱ ለጫነ፣ በማግስቱም ችግሩን አይቶ ለሚያውቅ ሰው 10 ቀን ይበቃል። የእኛ ሰው ቤት ግን ኮምፒውተሩን የሚያውቀው ልጅ ቅዳሜ መጥቶ ይጭናል፣ እሑድ ይሄዳል፣ ተመልሶ የሚመጣው ለበዓል ነው። የእድር መዝገብ ደግሞ በየቀኑ አይከፈትም፤ በወር አንዴ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ ነው የሚከፈተው። በ10 ቀን ሒሳብ ጋሼ ችግሩን የሚያዩት ማስረጃው ከጠፋ በኋላ በሆነ ነበር። ያዳናቸው በዚያ ሳምንት ለቅሶ ስለነበረ መዝገቡ መከፈቱ ነው። ለቅሶ ደግ ነገር አመጣ ማለት ከባድ ነው፣ ግን እንደዚያ ሆነ።

ይህ ቀን ግን ሊራዘም ይችላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዲስም በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መሣሪያ፣ እንደ አድሚኒስትሬተር በተከፈተ ተርሚናል፣ ከ2 እስከ 60 ቀን ድረስ መወሰን ይቻላል። «ኦኤስ አንኢንስቶል ዊንዶው» ብላችሁ ፈልጉ፣ የማይክሮሶፍት የራሱ ማብራሪያ ትእዛዙን ይሰጣችኋል። ማድረግ ያለባችሁ 10ሩ ቀን ሳያልፍ ነው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ስትጭኑ 60 ሳታደርጉ ከቤቱ አትውጡ።

አሁን ወደ ጉራማይሌው። ይህን ለምታነቡ ታናናሾቼ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ስልክ ስታነሱ ጀምሮ ግዕዝ ፊደል በውስጡ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በብልሃት ነበር፦ የላቲን ፊደል በሚቀመጥበት ቁጥር ላይ የ«ሀ»ን፣ የ«ለ»ን ቅርጽ ይስሉበታል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ፎንት የነበረው ቢበዛ 256 ቦታ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎችና የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ ይሞላና ይፈሳል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፎንቶች በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፋይል ተከፋፍለው ነበር የሚመጡት። ከዚያ አንዱ ሲጎድል ግማሹ ቃል ይነበባል፣ ግማሹ አይነበብም።

የጋሼ መዝገብ እንደዚህ ነው። ሰነዱ ምንም አልሆነም፣ አንድ ባይት አልጎደለበትም። የሚያነበው ፎንት ግን ዊንዶውስ.ኦልድ ውስጥ፣ «ዊንዶውስ» የሚለው ፎልደር ሥር «ፎንትስ» ውስጥ ተቀምጦ 2 ቀን ቀርቶት ነበር። የመጫኛው ሲዲ ከጠፋ ቆይቷል። ሄጄ ፎንቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ አዲሱ ሲስተም ላይ ጫንኳቸው፣ ሰነዱን ከፈትኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብለው አነበቡ። የዚያ ሰው ቀብር ላይ እኔም ነበርኩ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ካልነገርኳችሁ ትክክል አይሆንም። ሥራ እንደጀመርኩ አካባቢ የአባቴን ኮምፒውተር «አጸዳሁ»። ሁሉንም ከአዲስ ጫንኩ፣ ዊንዶውስ.ኦልድን አየሁት፣ 30 ጊጋባይት የሚጠጋ ነበር፣ በኩራት አጠፋሁት። አባቴ የዘር ሐረጋችንን እስከ 7 ቤት መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ያስቀመጠው ግን ሰነዶች ፎልደር ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ራሱ በከፈተው ፎልደር ውስጥ ነበር። ነገሩን ስነግረው «ምንም አይደል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» አለኝ። ዳግመኛ አልጻፈውም። በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ።

እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ ያደረግኩት፤ ከሐይቁ ማዶ ሬድመንድ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ዊንዶውስን የሚሠሩት መሐንዲሶችም ተሳስተዋል። በኦክቶበር 2018 የወጣው ማሻሻያ፣ ስሪት 1809፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስርጭቱ እንዲቆም ተደረገ። ሰነዶቻቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛወሩ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ባዶ የድሮ ፎልደር ይቀር ነበር። ተጠቃሚዎች ቅሬታ ስላቀረቡ ያንን ትርፍ ፎልደር የሚያስወግድ ኮድ ተጨመረ። ኮዱ ግን በአንዳንዶቹ ላይ ፎልደሩ ባዶ አለመሆኑን አላጣራም፤ ፋይሎቹን ይዞ ጠፋ። ማይክሮሶፍት የደረሰው ሪፖርት ከተጫነባቸው ኮምፒውተሮች 0.01 በመቶ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ ማሻሻያው ታርሞ የተመለሰው በኖቬምበር ነው። ኮድ የምትጽፉ ሁሉ ይህን ታሪክ እንደ ፈተና ጥያቄ ያዙት፦ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚያስብ ኮድ ከማጥፋቱ በፊት ውስጡን አይቷል ወይ?

ተቃራኒው ስህተትም አለ። በኤፕሪል 2025 የወጣ የደህንነት ማሻሻያ ሲ ድራይቭ ላይ «አይኔትፐብ» የሚባል ባዶ ፎልደር ፈጠረ። ባዶ ነው፣ ማንም አልጠየቀውም፤ ብዙ ሰው አጠፋው። ማይክሮሶፍት በኋላ ወጥቶ አታጥፉት፣ የጥበቃው አካል ነው አለ። ሥራቸውን የሠሩት ወገኖች አስቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ሰው ባልተደናገረ። ለማንኛውም ባዶ መሆኑ ብቻ ጥቅም የለውም ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

በብዛት የምጠየቀው ግን ስለ «ዊንኤስኤክስኤስ» ነው። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለ፣ 10 ወይም 15 ጊጋባይት ሆኖ የሚታይ ጉድ ነው። ይህን በእጃችሁ እንዳትነኩት። የሚታየው መጠን ራሱ ያታልላል፤ ውስጡ ያሉት ብዙዎቹ ፋይሎች ሀርድ ሊንክ ናቸው፤ ማለትም አንድ ፋይል በሁለት ስም ይጠራል፣ ፋይል ኤክስፕሎረር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። አንድ ሰው በቤት ስሙም በመዝገብ ስሙም ሲጠራ ሁለት ሰው ነው ብሎ እንደመቁጠር ነው። እውነተኛውን መጠን ዲስም ይነግራችኋል፤ የሚጸዳ ካለም እሱው ያጸዳል። «ሪሴትቤዝ» የሚለውን አማራጭ ግን ተዉት፤ ጥቂት ቦታ ይሰጣችሁና እስካሁን የተጫኑትን ማሻሻያዎች መልሳችሁ እንዳታወጡ ያደርጋል።

ከኢንተርኔት የሚወርድ «ማጽጃ» ፕሮግራምም አልመክርም። በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ማጽጃ፣ ስሪት 5.33፣ በራሱ በአምራቹ በኩል ተንኮል ያዘለ ኮድ ይዞ ተሰራጭቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ደርሶ ነበር። ዊንዶውስ የራሱ አለው፦ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ቴምፖራሪ ፋይልስ። ጋሼን እምቢ ያላቸው ፎልደር የሚጠፋው ከዚህ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ከዝርዝሩ መሐል «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን አለ። እሱ ጊዜያዊ ፋይል ሳይሆን ያወረዳችሁት ፎቶ፣ ቅጽ፣ የባንክ ወረቀት ነው። ለምን እዚያ እንዳስቀመጡት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምልክት አታድርጉበት።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይለያል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የወረዱ የማሻሻያ ፋይሎችን ቦታ ያዙ ብሎ በየሳምንቱ ያጠፋቸው ነበር። ዊንዶውስ ግን ገና ያልጫናቸውን መልሶ ያወርዳቸዋል፤ ወንድሜ ደግሞ የሚጠቀመው በሞባይል ጥቅል ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጭን የያዘውን ፋይል ማጥፋት የገዛችሁትን ዳታ ሁለቴ መክፈል ነው። መጀመሪያ ይጫን፣ ኮምፒውተሩ ይነሣ፣ ደህና መሆኑን እዩ። ቤት ውስጥ ወይም ቢሮ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ካለ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን ለአካባቢ ኔትዎርክ ብቻ ክፈቱት፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ይወስዳል።

ማክ የምትጠቀሙ፣ ከማሻሻያ በኋላ ዴስክቶፕ ላይ «ሪሎኬትድ አይተምስ» የሚል ካያችሁ ሲስተሙ ቦታ ያጣላቸው ፋይሎች ናቸው፤ አይታችሁ የእናንተ የሆነውን ውሰዱ። ኡቡንቱ ላይ አሮጌ ከርነል በእጅ ሳይሆን በኦቶሪሙቭ ይወገዳል፣ የመጨረሻውን ግን አንድ አስቀሩ።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ከጫንኩ በኋላ ዊንዶውስ.ኦልድ ውስጥ እገባለሁ፤ «ዩዘርስ»ን፣ «ፎንትስ»ን፣ ከዚያ ባለቤቱ ራሱ ሲ ድራይቭ ላይ የከፈተው ፎልደር ካለ እሱን ወደ ውጭ ዲስክ እገለብጣለሁ። ቀኑን 60 አደርጋለሁ። ከዚያ ባለቤቱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በዓመት አንዴ የሚከፍተውን ፋይል እንዲከፍትልኝ እጠይቃለሁ። በየቀኑ የሚከፍተውን አይደለም፤ እሱ ቢበላሽ በማግስቱ ይደውላል።

ጋሼ ቤት ያን ምሽት ፎንቱን መልሼ ብቻ ልሄድ ነበር። ከዚያ አሰብኩና መዝገቡ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ነገ ሌላ ልጅ መጥቶ ሌላ ዊንዶውስ ይጭናል። የጻፍኩት መቀየሪያ አብዛኛውን ይገለብጣል፤ የሚቸግረው ዲቃሎቹ ላይ ነው፣ «ሟ»ና «ቷ» እየተምታቱበት ነው። ስለዚህ እኔ እየቀየርኩ፣ ጋሼ ከወረቀት ከታተመው ጋር እያመሳከሩ ስም በስም እንሄዳለን። እስከ 2009 ደርሰናል። ቅዳሜ ቡናው ሲፈላ እንቀጥላለን።