ኮምፒውተሩ የማን ነው?

እኛ አሶሳ የምንኖር ሰዎች ላፕቶፕ የምናስመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው። ወይ ራሳችን እንሄዳለን፣ ወይ ለሚሄድ ሰው ብር እናስይዛለን። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ፣ ጭን ላይ ታቅፎ የመጣ ዕቃ ነውና ካርቶኑ ሲከፈት ጎረቤት ሳይቀር ይሰበሰባል። ማሽኑ ይበራል። አገር ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ እንላለን። ኪቦርድ ይጠይቃል፤ እንመርጣለን። ቀጥሎ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙኝ ይላል። ኔትወርክ የለም። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ደብዝዟል፣ ብንጫነውም አይሰማም። ገንዘቡን ከፍለናል፣ ዕቃው ጭናችን ላይ ነው፣ ግን በር ላይ ቆመናል።

ይሄ ብልሽት እንዳይመስላችሁ። ታስቦበት የተሠራ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሲያወጣ «ሆም» የተባለውን ዓይነት ለማስጀመር ኢንተርኔትና የኩባንያው አካውንት ግዴታ ሆነ። በ2015 «ፕሮ» የሚባለውም ለግል ሥራ ሲሆን ይኸው ዕጣ ደረሰው። የኛ ሰው መቼም መላ አያጣም፦ ሺፍትንና ኤፍ 10ን አብሮ ተጭኖ፣ በሚመጣው ጥቁር ሳጥን ላይ «ባይፓስ ኤን አር ኦ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ይህችን ትእዛዝ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያውቋታል። ኩባንያው በመጋቢት 2017 ከሙከራ ሥሪቱ ላይ አነሳት። በመስከረም 2018 ደግሞ የቀሩትን ማምለጫዎች እየደፈነ መሆኑን አሳወቀ። ለደኅንነታችሁ ነው ተባልን።

ለማን ደኅንነት?

«ኢንተርኔት ማገናኘት ምን ችግር አለው?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ይህ ሰው የኖረው የት እንደሆነ እንጠይቀው። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት አገር አቀፍ ሆኖ ጠፍቷል። በሰኔ 2012ም ጠፍቶ ለሳምንታት ቆይቷል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጎረቤታችን የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶበት ወራትን ገፍቷል። በእነዚያ ቀናት አዲስ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው ምን ይሁን? ኢንተርኔቱን የዘጋው መንግሥት ነው፣ እውነት ነው፣ ለዚያም ወቀሳችንን አንነፍገውም። ግን ያለ ኢንተርኔት ደብዳቤ መጻፍ የሚችልን ማሽን በኢንተርኔት ያሰረው መንግሥት አይደለም። (የህዳሴ ግድብ የቆመው በኛው ክልል፣ ጉባ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በ5,150 ሜጋ ዋት ተመርቋል። መብራቱስ እሺ፣ ኮምፒውተሩን ለማብራት ግን የሬድመንድ ፈቃድ ያስፈልጋል።)

ከዚህ የባሰው ጉዳይ ግን ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነው። ሻጮች ደንበኛ እንዳይቸገር ብለው አካውንቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ይከፍቱታል። በማን ስልክ ቁጥር? ብዙ ጊዜ በራሳቸው። እኛም ተመስገን ብለን ይዘን እንመጣለን። ከ2017 መግቢያ ጀምሮ በወጣው የዊንዶውስ 11 ሥሪት፣ አዲስ ተጭኖ በአካውንት የተገባበት ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። የመክፈቻው ቁልፍ 48 አኃዝ ነው፤ የሚቀመጠውም በአካውንቱ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ማዘርቦርዱ ቢቀየር ወይም ባዮሱ ቢነካካ ማሽኑ ቁልፉን ይጠይቃል። አካውንቱ የባለሱቁ ነው፣ ባለሱቁ ሲሙን ቀይሯል። እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፏን እዚያ ላይ ያስቀመጠች ተማሪ ታስባችሁ። ዳታዋ አልጠፋም፣ አልተሰረቀም፣ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ልታነበው ግን አትችልም።

አካውንት ጥቅም የለውም አላልንም። የይለፍ ቃል ለሚረሳ፣ ፋይሉን ሌላ ቦታም ማስቀመጥ ለሚፈልግ፣ ጥሩ ነው። የፈለገ ይክፈት። ጠባችን «ግዴታ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

አሮጌውን ይዘን እንቆይ ያልነውም አላመለጥንም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ተፈቀደ፤ ግን በአካውንት። ሠላሳ ዶላር ከፍዬ ልገላገል ያለ ሰው እንኳ መጀመሪያ አካውንቱን ማስገባት ነበረበት። የአውሮፓ ሸማቾች ተቆርቋሪዎች ጮኸው ለአገሮቻቸው ነዋሪዎች ያለ ክፍያ አስደረጉ፤ አካውንቱን ግን እነሱም ማስቀረት አልቻሉም። ስለኛ የጮኸ ሰው አልሰማንም። አገራችን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ «ይህ ዕቃ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም» ብሎ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ መጻፍ ያን ያህል ይከብዳል?

ኡቡንቱን ታውቁታላችሁ? ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያስጀመረው፣ በ1997 የመጀመሪያው ሥሪት የወጣ፣ ነፃ ነው። በፍላሽ ይጫናል፤ ስምህ ማነው ይልና ይለፍ ቃል አውጣ ብሎ ያስገባል። ኢንተርኔት ባይኖርም ግድ የለውም። የለመድናቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አይሠሩበትም፣ አማርኛ መጻፊያውንም ማስተካከል ትንሽ ያለፋል፤ ይህንን አንደብቅም። ግን በኮሌጆቻችንና በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ ሙከራ ጥቂት ማሽኖች ላይ ቢጫን ማን ይጎዳል?

እስከዚያው ላፕቶፕ ልትገዙ የምትሄዱ፣ ባለሱቁ «ጨርሼ ልስጣችሁ» ሲል እጁን ያዙት። አካውንት ካስፈለገ በራሳችሁ ቁጥር ይከፈት። ያቺን 48 አኃዝ ደግሞ ከሱቁ ሳትወጡ ወረቀት ላይ ገልብጧት፤ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን አታስቀምጧት።