አመለኛው ፈረሱ ነው ወይስ እኛ?

የዛሬው ጉዳይ የማዳበሪያ ወይም የዘር አይደለም፤ የፈረስ ነው። ቆጣ ብዬ ብጽፍ አትቀየሙኝ። መጀመሪያ የምቆጣው በራሴ ላይ ነው።

ገበያ ስትወጡ የፈረስ ተራ ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። "ጣለኝ"፣ "ረገጠኝ"፣ "ነከሰኝ"፣ "አመለኛ ነው" የሚል ሰው ሞልቷል። "አላወቅሁበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም አላልኩም ነበር።

የመጀመሪያ ፈረሴን የገዛሁት ከጎጥ ጎጥ ለመዞር ነው። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ በሬና ላም ስለተማርኩ ስለ ፈረስም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ፈረሱ ግን በሬ አይደለም። ይህን ለማወቅ ሦስት ጊዜ መቀጣት ነበረብኝ።

አንደኛው ቅጣት በሳምንቱ መጣ። ሣር ሲግጥ ድምፅ ሳላሰማ ከኋላው ደረስኩና ጭኔን አለኝ። አሥር ቀን አነከስኩ። "ተንኮለኛ ነው" አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ቀጥታ ከጭራው በኋላና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ግን አያይም። ከማያየው ቦታ ድንገት ሲነኩት ጅብ ነው ወይስ ሰው ብሎ አይጠይቅም፤ ይራገጣል። በጎን በኩል እያናገሩ ቀርቦ አንገቱን መዳሰስ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው በመኸር ሰሞን ነው። ይበርታልኝ ብዬ አንድ ቁና ገብስ ባንዴ ደፋሁለት። ማታ ላይ መሬቱን በእግሩ ይጭር፣ ሆዱን ዞሮ ዞሮ ያይ፣ ይተኛና ይንከባለል ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ "ቡዳ ነው" አለ፤ ሌላው "አረቄ በአፍንጫው አፍስሱበት" አለ። ደግነቱ የእንስሳት ሐኪሙ ቅርብ ስለነበር ደረሰልን። ቡዳው እኔ ነበርኩ! የፈረስ ጨጓራ ለሰውነቱ ትንሽ ነው፤ እንደ እኛም አያስታውክም። ያለ ልምዱ ብዙ እህል ባንዴ ሲገባበት ሆዱ ይቆረጣል፤ አልፎ ተርፎ ሰኮናው ውስጡ ተቃጥሎ መቆም ሊያቅተው ይችላል። በአፍንጫ የሚፈስ ነገር ደግሞ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ሆዱን የታመመ ፈረስ መኖ ይነሣለታል፣ መቆም ከቻለ ቀስ እያለ እንዲራመድ ይደረጋል፣ ሐኪም ይጠራለታል። በቃ።

ሦስተኛው የከፋው ነው። ኮርቻውን ከገበያ ገዛሁ፤ ሥሩ የታጠፈ ጆንያ አደረግሁ። እንጨቱ ጫንቃው ላይ እየተጫነ ቆየ። ፈረሱ ኮርቻ ባየ ቁጥር ጆሮውን ወደኋላ ማጣጠፍ፣ ከዚያም መናከስ ጀመረ። እኔስ ምን አደረግሁ? ዱላ አበዛሁ። በመጨረሻ "አመለኛ ነው" ብዬ ገበያ አወጣሁት። ቁስሉን በኮርቻ ሸፍኜ ነው ያወጣሁት፤ ይህንን ስጽፍ ያፍረኛል። አንድ ሽማግሌ መጡ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ኮርቻውን አንሥተው ጀርባውን አዩና "ልጄ፣ አመሉ እዚህ ጋ ነው" አሉኝ። ዋጋ አስቀንሰው ገዙት። ቁስሉን በፈላ ውሃና ጨው እያጠቡ ድኖ እስኪያልቅ ምንም ሳይጭኑበት ከረሙ። በጥምቀት ሰሞን የልጅ ልጃቸው ሲጋልበው አየሁት። ያ አመለኛ የተባለ ፈረስ!

እንግዲህ የምከራከረው ይህን ነው። ፈረስ መናገር ስለማይችል ጥፋታችንን ሁሉ እሱ ላይ እንከምራለን። ጥፋቱን በፈረሱ ያሳበበ ሰው ደግሞ ምንም አይማርም፤ ፈረሱን ይሸጥና የሚቀጥለውን በዚያው ስህተት ያበላሻል። ገዢውም የተደበቀ ቁስል ይዞ ይገባል፤ ምናልባት ልጁን ያስቀምጥበታል። ይሄ ማታለል አይደለም እንዴ?

"አባቶቻችን ያለ ሐኪም ያኖሩት የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አባቶቻችንማ ፈረስ ያከብሩ ነበር! ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረስ ስም ነው። በየቤተ መንግሥቱና በየመኳንንቱ ግቢ ፈረስ የሚጠብቅ ባልደራስ ነበር። ዛሬም አገው ምድር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። እኛስ? በናይለን ገመድ ደረቱን እንቆርጣለን፣ በሽቦ ልጓም ምላሱን እንሰነጥቃለን፣ ቁስሉ ላይ የተቃጠለ ዘይት እንቀባለን። ጋሪ ሲጎትት ከርሞ ሲያነክስ አስፋልት ዳር እንለቀዋለን። ሌሊት መኪና ይገጨዋል፤ አንዳንዴ ሰውም አብሮ ያልቃል። ይህን ከአባቶች ተማርን ማለት ድፍረት ነው።

"አቅም የለኝም" ለሚለውም መልስ አለኝ። ድምፅ አሰምቶ መቅረብ ነፃ ነው። መኖ ቀስ በቀስ መለወጥ ነፃ ነው። ከኮርቻው ሥር ወፍራም፣ ንጹሕና ያልተጨማደደ ነገር ማንጠፍ ከአዲስ ፈረስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የቆሰለን ማሳረፍ ሥራ ያጓትታል፣ አውቃለሁ፤ ግን የሞተ ፈረስ ጨርሶ አይሠራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ የምትገዙ ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚህን ያዙልኝ፦

• ሳትገዙ ኮርቻውን አስወርዱ። ጀርባውን፣ ደረቱንና የአፉን ዳርና ዳር እዩ። ሻጩ "አይነሣም" ካለ ሂዱ።

• ጥርሱን እዩ። የፊት ጥርሶቹ ሁሉ ተለውጠው የሚያልቁት አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ያልጠነከረ ውርንጭላ ለከባድ ጭነት አትግዙ።

• አራቱንም እግር አንሡ፤ ጠንካራ መሬት ላይ አስኬዱት።

• ከቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ካለ አትግዙ። ተላላፊ ነው። በቁስልና በጋራ በሚጠቀሙበት ዕቃ ለሌላውም ይተርፋል።

• ክትባት ከጤና ጣቢያ ጠይቁ። የእንስሳት ጤና ጣቢያው ለበሬ ብቻ የተሠራ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ይቺን አንዲት ጥያቄ አትርሱ። ፈረሱ በጣላችሁ፣ በረገጣችሁ ወይም በታመመ ቀን ዱላ ከማንሣታችሁ በፊት "ከትናንት ጀምሮ እኔ ምን አደረግሁ?" በሉ። ምን አበላሁት? ምን ጫንኩበት? እንዴት ቀረብኩት? ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ መልሱ እዚያው ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚባለውም እውነት ነው፤ ግን እንዲያደርሰን እኛም ልናደርሰው ይገባል።

ነገ ጠዋት ፈረሳችሁን ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን ጀርባው ላይ አሳልፉ። ከሸሸ እዚያ ቦታ ላይ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ለጎረቤታችሁ ባለጋሪም ይቺን አሳዩት። በርቱ።